የልዕልቷ ውሻና የውድነሽ ሻሽ

ልጅ ሆኜ የማልጸየፈው ነገር ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ሰው የጠጣበት ብርጭቆ፣ ታክሲ ውስጥ ክንዴን የሚነካኝ የሰው ላብ፣ እማዬ ጣቷን በምራቋ አርሳ ጉንጬ ላይ የቀረውን ወጥ የምትጠርግልኝ ነገር፣ ሁሉም ሆዴን ያገላብጠው ነበር። ከዚህ አመሌ የተነሳ ቤት ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፤ "ልዕልቷ" ነበርኩ። በፍቅር እንዳይመስላችሁ። "ልዕልቷ፣ አንድ ሳህን ብታጥቢ እጅሽ ይወልቃል?" ትለኛለች እማዬ። ታዲያ ኮሮና ሲመጣ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓለም በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ እኔ ተጸያፊ ሆነ።

እንደ እኔ ያን ዓመት ትምህርቱን በስልክ የተማራችሁ ልጆች ሽታውን ታውቁታላችሁ። ሳኒታይዘር፣ በረኪና፣ በትንፋሽ የራሰ ማስክ። በስደት አገራችን፣ የሐበሻ ሱቅ በሞላበት ጀፕ መንገድ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ መኝታ ቤትና አንዲት ጠባብ በረንዳ ያላት ፍላት ውስጥ እማዬና እኔ ተዘግቶብን ከረምን። የእማዬ የብርድ ልብስ ሱቅ ከበረንዳው ሆነን ቁልቁል ስናይ ማዶ ይታየናል፤ እንደተቆለፈ። ጠዋት ጠዋት ፌጦ በሎሚ እንጠጣለን። ማታ ማታ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ፣ ሁለታችን አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ተከናንበን እንፋሎቱን እንስባለን። አንድ ቀን የእማዬ ንፍጥ ድስቱ ውስጥ ጠብ ሲል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ በዚያ ድስት የተሠራ ነገር አልበላም።

ያን ጊዜ የነበረኝ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሳይዘጋ ተውሼው፣ ሳልመልሰው ሎክዳውን ታወጀና እኔው ጋ ቀረ። ስለ ፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት የሚናገር፣ ሥዕል የበዛበት፣ ጉልበት ላይ የሚከብድ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ ሰማያዊ የሐር ቀሚስ የለበሰች ልጅ ትንሽ ውሻ አቅፋ ተቀምጣለች። የታሪክ አስተማሪያችን "ራሳችሁን ቤተ መንግሥት ውስጥ እንደሚኖር ሰው ቆጥራችሁ የአንድ ቀን ውሎ ጻፉ" ብለው በስልክ ሲልኩልን፣ ሌላ ማንን እመርጣለሁ? ልዕልቷን መረጥኩ። በስሟ ስጠራ ኖሬ ቢያንስ አንድ ንጹሕ ዘመድ አገኘሁ ብዬ ነበር።

ኤዲያ፣ የምን ንጹሕ። መጽሐፉ እንደሚለው ገላ መታጠብ እነሱ ዘንድ እንደ ዓመት በዓል ነበር። ውሃ ቆዳን ከፍቶ በሽታ ያስገባል ብለው ይፈሩ ነበርና፣ ላቡ ላይ ሽቶ፣ ሽቶው ላይ ዱቄት፣ ዱቄቱ ላይ እንደገና ሽቶ። ጸጉራቸውን ወደ ላይ ከምረው፣ በከብት ስብ አጣብቀው፣ ዱቄት ነስንሰውበት ለሳምንታት አይፈቱትም። ቅማሉ ሲበላቸው በረጅም የዝሆን ጥርስ ዘንግ ያኩታል። መኳንንቱ ሽንት ሲያጣድፋቸው ደረጃው ሥር ወይም መጋረጃው ኋላ ዞር ይላሉ፤ ያውም ግድግዳው በወርቅ በተለበጠ ቤት ውስጥ። ልዕልቷ ጠዋት ስትነሳ ራቁቷን ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ ሴቶቹ እንደየማዕረጋቸው ሸሚዟን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ፤ ከሁሉም የምትበልጥ ወይዘሮ ዘግይታ ከገባች ቅብብሉ እንደገና ይጀመራል። ስትበላ ደግሞ ሕዝብ ገብቶ ስታኝክ ቆሞ ያያታል። እኔ አንድ ሰው ሲያኝክ ማየት የሚያቅለሸልሸኝ ልጅ፣ ያንን ሳነብ እራቴን ተውኩት።

ያነበብኩትን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለእማዬ እነግራታለሁ። ጆሮዋን ትሰጠኛለች፣ አፏ ግን አያርፍም። "ስለ እነሱ ቅማል ከምታወሪ ያደረ ሳህንሽን እጠቢ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።"

ከመጽሐፉ ውስጥ ያስለቀሰኝ አንድ ገጽ ነው። ልዕልቷ ለካ የተወለደችው ሌላ አገር ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ለፈረንሳዩ አልጋ ወራሽ ተዳረችና ድንበሩ ላይ ቤት ተሠርቶ ተጠበቀች። እዚያ ከአገሯ ለብሳ የመጣችውን ሁሉ አወለቁባት፤ ካልሲዋ ሳይቀር፣ የጸጉሯ ጥብጣብ ሳይቀር። የፈረንሳይ ሙሽራ ላይ የባዕድ ነገር መኖር የለበትም ነው ምክንያቱ። ከእናቷ ቤት አቅፋው የመጣችውን ትንሽ ውሻም ከእቅፏ ወሰዱት። ውሻ እጸየፋለሁ፤ ፀጉሩም ምራቁም ያንገሸግሸኛል። ለዚያ ውሻ ግን አለቀስኩ።

ድንበር ተከፍቶ አውሮፕላን ሲጀምር የአጎቴ ሙሽራ መጣች። አጎቴ ደስታ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከከተማው ዳር ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ሽማግሌ የተላከለት አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ነው፣ ልጅቷን ያያት ደግሞ በስልክ ነው። ውድነሽ ትባላለች፣ ሃያ ዓመቷ ነበር። ቸርች ተከፍቶ ጋብቻቸው እስኪባረክ እኛ ጋ ትቆያለች ተባለና አጎቴ ከኤርፖርት አምጥቶ፣ ከሩቅ ሰላም ብሎን፣ ደረጃው ላይ ትቷት ሄደ።

እማዬ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን በዚያ ሳምንት ከሕንጻችን ሁለት ሰው ሞቶ ነበርና ፍርሃቷ ከፍቅሯ በልጦ ነበር። ሙሽራይቱን ሳታቅፋት መታጠቢያ ቤት አስገባቻት። ልብሷን አንድ በአንድ እያስወለቀች ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተችው። እኔ የሳኒታይዘሩን ጠርሙስ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ሳሙና ስትለኝ ሳሙና፣ ፎጣ ስትለኝ ፎጣ አቀብላለሁ። ውድነሽ ደረቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትንቀጠቀጣለች። "ልክ እንደ መጽሐፉ" አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ። አሁን ያንን ደስታዬን ሳስታውሰው ነው የሚያቅለሸልሸኝ።

በመጨረሻ ራሷ ላይ የቀረው ቢጫ ሻሽ ነበር። ቅቤ ጠጥቶ ጠርዙ ጠቁሯል። "እትዬ፣ እሱን ብቻ ተዉልኝ" አለች። ከእማዬ ጋር በሃድይኛ ነበር የሚያወሩት፤ ይቺን ግን እኔም እንድሰማት መሰለኝ በአማርኛ አለቻት። "የእናቴ ነው። ስትሸኘኝ ከራሷ ፈትታ ነው ያሰረችልኝ።" እማዬ አመነታችና "ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው፣ ከዚያ የራስሽ ነው" አለቻት። ሻሹ በረንዳው ላይ ተሰጣ። ጠባቂው እኔ ሆንኩ።

የምተኛው ሶፋው ላይ ነው፣ ሶፋው ደግሞ የበረንዳው በር ሥር ነው። የታኅሣሥ ፀሐይ እዚህ እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቃላችሁ። ቅቤው ቀልጦ ይከረፋል፤ ቅመሙ፣ ጭሱ፣ የማላውቃት ሴት ራስ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተደባልቆ አፍንጫዬ ሥር ነው። ዝንብ ሰፈረበት። መስኮት ብዘጋ ሙቀቱ፣ ብከፍት ሽታው። ሁለተኛው ቀን ቆሻሻ የሚወሰድበት ቀን ነበር። ሻሹን በመጥረጊያ እንጨት አንስቼ የዳቦ ፌስታል ውስጥ ከተትኩትና ወርጄ ጣልኩት። ተመልሼ እስከ ክርኔ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ነፋስ ስለነበረ "ነፋስ ወሰደው" ስላቸው ማንም አልጠረጠረኝም።

ውድነሽ አላለቀሰችም። በረንዳው ላይ ቆማ ጎረቤት ጣሪያ ላይ፣ ሽቦ ላይ፣ መንገዱ ላይ ስትፈልግ ዋለች። እንድትረሳው ብዬ መጽሐፉን አነበብኩላት። ስለ ጸጉሩና ስለ ስቡ ስትሰማ ፈገግ አለችና "እንደኛ ነዋ" አለች። ስለ ድንበሩ ስትሰማ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። "ውሻውን መለሱላት?" አለችኝ። "ገና አልደረስኩበትም" አልኳት።

በሳምንቱ፣ ቆሻሻ በሚወሰድበት ቀን፣ በረንዳው ላይ ሆነን መንገዱን ስናይ ውድነሽ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። እታች ካርቶንና ፕላስቲክ የሚለቅመው ሰውዬ ጋሪውን አቁሞ ቆሻሻውን እያገላበጠ ነው። ፖሊስ ማስክ የሌለውን ሰው ስለሚይዝ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አስሯል፤ ቢጫ ሻሽ። "እሱ ነው" አለች። ሮጣ ገብታ አንድ ዳቦና አዲስ ማስክ አመጣችልኝ። "ይሄን ስጪውና ለምኚልኝ። እኔ ቋንቋ የለኝም።"

ወረድኩ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ሲያልፍ ሁልጊዜ "ሳውቦና፣ ሲሲ" ብሎ በዙሉ ሰላም ይለኛል። ያን ቀንም አለኝ። እኔ ግን የማየው አፉን ብቻ ነበር። ሻሹ አፉ ላይ ክብ ሆኖ ርሷል፤ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ላቡ ከጢሙ ሥር እየወረደ ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል። አንዴ አሳለው። አፍጥጬ ሳየው ጊዜ ገባው መሰለኝ፣ ቋጠሮውን ፈታና ሻሹን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። "የእናንተ ነው እንዴ?" አለኝ በዙሉ። ከከንፈሩ እስከ ጨርቁ ቀጭን የምራቅ ክር ተስቦ ተበጠሰ።

ራሴን ነቀነቅኩ። "የእኛ አይደለም" አልኩት። ዳቦውንና ማስኩን መሬት ላይ አስቀመጥኩለት። ማስኩን ኪሱ ከተተና ሻሹን መልሶ አሰረው።

ስመለስ ውድነሽ ሳሎኑ መሐል ቆማለች። "እምቢ አለ" አልኳት። "ዳቦውንስ?" አለችኝ። "ወሰደው።" "እሺ" አለችና ገብታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ሳህኑ የእኔ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ከሆሳዕና ስልክ ተደወለ። የውድነሽ እናት አርፋለች። ያን ጊዜ አግብታ ኮዝሞ ሲቲ ገብታ ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃድ ፔፐሯ አላለቀምና ብትሄድ መመለሻ የላትም። ቀብሩን በስልክ አየች። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣ ሰው እንኳን አልተፈቀደም፤ ሁሉም ከቤቱ ሆኖ በድምፅ ነው ያጽናናት። የእናቷ የሆነ አንድም ነገር እጇ ላይ አልነበረም። እኔ ያን ቀን እጄን ስታጠብ ዋልኩ፤ እማዬ "ቆዳሽ ይላጣል፣ ተይ" እስክትለኝ ድረስ።

አሁን እኔም አድጌያለሁ። ውድነሽ ስፓዛውን ራሷ ነው የምታንቀሳቅሰው፤ ዙሉውን ከእኔ በላይ ትናገራለች፤ ደንበኛ ሲያጭበረብራት በቋንቋው ነው የምታሳፍረው። የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። ባለፈው እሁድ ልጠይቃቸው ስሄድ ያን መጽሐፍ ይዤላት ሄድኩ። ውድነሽ ልጅቷን ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ከአገር ቤት የተላከ ቅቤ ጸጉሯን ትቀባታለች፤ እኔ ከፊታቸው ተቀምጬ አነባለሁ። ድንበሩ ጋ ስደርስ ትንሿ "ውሻውስ?" አለችኝ። ገጹን ገለጥኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰው ተልኮ ውሻው እንዲመጣላት ተደርጓል ይላል። "መለሱላት" አልኳት። እነዚያ መጋረጃ ኋላ የሚሸኑ ሰዎች እንኳን መለሱላት።

"ሰውየውም መልሶልሽ ነበር" አለች ውድነሽ።

ቀና ብዬ አየኋት። እጇ መቀባቱን አላቆመም። "በረንዳው ላይ ነበርኩ እኮ። ፈትቶ ሲዘረጋልሽ አየሁ። ራስሽን ስትነቀንቂም አየሁ።"

"ነፋስም አልነበረም የወሰደው" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ምን ልበልሽ? በዚህ አገር የሚያወራልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ካስቀየምኩሽ ክሊኒክ ማን ይወስደኛል? ፔፐር ላወጣ ስሄድ ማን ይናገርልኛል?" ንዴት አልነበረባትም፤ ያለፈ ነገር እንደሚወራ ነው ያወራችው። ከዚያ የቅቤውን ጣሳ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና "እስቲ ያኛውን ጎን አንቺ ቀቢያት፣ ክንዴ ደከመ" አለችኝ።

ያን ጊዜ የሚሸተኝ የሰው ብቻ ነበር፤ አሁን የራሴም ይሸተኛል። ቅቤም ዛሬም ያቅለሸልሸኛል፣ አልዋሽም። ጣቶቼን ከተትኩና የልጅቷን ግማሽ ራስ እስከ ጆሮዋ ሥር ቀባኋት። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቤት ገባሁ፣ በመታጠቢያ ቤቱ በር በኩል አለፍኩ፣ እጄን ሳልታጠብ ተኛሁ።