ጫምሳ ላብራቶሪውን የፈተነበት ቀን

በአርሲ ነገሌ እህል ገበያ ጫምሳን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ሥራው መጠራጠር ነው። ገዢና ሻጭ በዋጋ ሲጨቃጨቁ እሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ውስጡ ባዶ የሆነ ሹል ብረቱን ከጆንያው ወገብ ላይ ሰክቶ ይስባል፤ በብረቱ የወጣውን ስንዴ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያያል። ከላይ ጥሩ ስንዴ፣ ከመሃል ገለባና አፈር የሆነ ጆንያ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት እንዳየ ፈጣሪ ይወቀው። አዲስ ሚዛን ገበያ ሲገባም፣ ለማንም ሳይናገር ክብደቱን አስቀድሞ የሚያውቀውን ጆንያ ይጭንበታል። ሚዛኑ ልኩን ከተናገረ ይሠራበታል። ካልተናገረ ባለሚዛኑ ወዮለት።

እንዲህ ያለ ሰው ሲታመም ችግር ነው።

ሽንቱ መቆራረጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል። ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ዘርፉ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ስንቴ ነው የምትነሳው?" ስትለው "ውሻው ጮኸ" ይላታል። ውሻ እንኳ የላቸውም። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ጭራሽ ተዘጋ። ቀኑን ሙሉ ምጥ እንደያዛት ሴት ሲንቆራጠጥ ውሎ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ሽንቱን በቱቦ አስወጡለት። ቱቦው ሲወጣለት፣ "አባባ፣ ይሄ ፕሮስቴት ነው። ተመልሶ መዘጋቱ አይቀርም። አዳማ ይሂዱ" አሉት።

አዳማ የወሰደው ጓደኛው ጃዕፈር ነው። ጃዕፈር ባለ አይሱዙ ነው፤ የነገሌን ስንዴ ወደ አዳማ ያመላልሳል። ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቢቀረውም ከጫኞቹ ጋር ኩንታል ይሸከማል፤ ሐኪም ቤት ረግጦ አያውቅም። መንገድ ላይ ጫምሳ ቡልቡላ ሲደርሱ "አቁም" አለ፤ ባቱ ላይ "አቁም" አለ፤ መቂ ላይም እንደዚያው። ጃዕፈርም በየቦታው አብሮት ወረደ።

"እኔስ ታምሜ ነው፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?"

"ለአብሮነት ነው" ብሎ ሳቀ ጃዕፈር፤ ሳቀና ሌላ ሃይላንድ ውኃ ገለበጠ። "ሙቀቱ ነው ወላሂ።"

ሆስፒታሉ ውስጥ የጠበቀችው ሐኪም ሴት ናት፤ ዶክተር ገላኔ። ዕድሜዋ የልጁን ቢያህል ነው። ጫምሳ ከበር ሊመለስ ነበር፤ ጃዕፈር ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

"አካም ጅርቱ ኦቦ ጫምሳ?" ብላ በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቀችው። ሆዱን በመሣሪያ አየችው። ስክሪኑ ላይ ደመና የመሰለ ነገር ታየ፤ ደመናው የማን እንደሆነ ጫምሳ በምን ይወቅ?

"እጢው አድጎ መውጫውን አንቆታል" አለችው። "ሽንቱ ተጠርጎ ስለማይወጣ ወደ ኩላሊት እየተመለሰ ነው። ዕድል ሆኖ በሌዘር የሚሠሩ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ሆድ አይቀደድም። በሽንት መውጫው በኩል ገብተው ትርፉን ሥጋ ያወጡታል። ሐሙስ ቦታ አለኝ። ዓርብ ግን ይመለሳሉ፤ መቼ እንደሚመጡ አላውቅም። እስከዚያ ከተዘጋብዎት ቱቦና የሽንት ከረጢት ይዘው ነው የሚቆዩት።"

"ሳይቀደድ?"

"ሳይቀደድ።"

"ጠባሳስ?"

"ጠባሳ የለውም።"

ጉዱ ይሄ ነው። ጠባሳ ከሌለው መሥራታቸው በምን ይታወቃል? "አለቀ፣ እንኳን ማረዎት" ቢሉት ምን ብሎ ይከራከራል? ገበያ ላይም አንዱ ጆሮው ሥር "ወንድነትህን ነው የሚወስዱት" ብሎታል። ወለሉን እያየ፣ "ያ... ለትዳር የሚሆነውስ ነገር?" አለ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

እሷ ግን አላፈረችም። "አብዛኛው ሰው ላይ ጉልበቱ አይነካም። ዘሩ ግን ወደ ውጭ ላይወጣ ይችላል። ይሄን አልደብቅዎትም።"

ጫምሳ ይሄኔ ባሰበት። የዕቃውን ጉድለት ራሱ የሚናገር ሻጭ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ እውነተኛ ነው፣ ወይ የባሰውን ሊደብቅ ነው።

ለምርመራ ደም ቀዱት። ደሙ ላይ ምንም ማድረግ አልቻለም። የሽንት ብልቃጥ ሲሰጡት ግን አሰብ አደረገና ጃዕፈር ወደተቀመጠበት አግዳሚ ሄደ።

"ተነስ እስቲ።"

"የት?"

"ሽንት ቤት። እዚህ ውስጥ ሽናልኝ።"

"አብደሃል እንዴ?"

"ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል። አንተ ጤነኛ ነህ አይደል? ንጹሕ ነው ካሉ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ሐሙስ እተኛለሁ። በሽታ አለበት ካሉ ውሸታሞች ናቸው፤ ወደ ነገሌ እንመለሳለን።"

"ሰው ሚዛን ነው እንዴ የምትፈትነው?"

"ሰው ከሚዛን ይብሳል።"

ጃዕፈር አጉረመረመ፤ ግን ብልቃጡን ተቀበለ። "አምጣ እንግዲህ። ዛሬ እንደሁ ሽንት አላጣሁ።" እስከ አፉ ሞልቶ መለሰለት። ጫምሳ በቅናት አየው።

በማግሥቱ፣ ረቡዕ፣ ዶክተር ገላኔ ወረቀቱን ይዛ ግንባሯን ቋጠረች።

"ኦቦ ጫምሳ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ሽንትዎ ውስጥ በጣም ብዙ ስኳር አለ። የደምዎ ስኳር ደግሞ ደህና ነው። ምናልባት የኩላሊት ጉዳት ይሆናል፤ ሳናጣራ ኦፕራሲዮን አናስገባዎትም። የነገውን ቦታ ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው።"

የጫምሳ ልብ በደስታ ዘለለ። ያዝኳቸው! መሰናበት እንኳ ረስቶ አይሱዙው ወደ ቆመበት ሮጠ፤ እንደዚያ ከሮጠ ስንት ጊዜው።

"አላልኩህም? ሌቦች ናቸው! ምን አሉ መሰለህ? ስኳር አለበት አሉ። አንተን! ኩንታል ተሸካሚውን! ሞተሩን አስነሳ፣ እንሂድ።"

ጃዕፈር አልሳቀም። ሞተሩንም አላስነሳም። መሪውን እንደያዘ፣ "ብዙ ነው አሉ?" አለ።

"ምን ቸገረህ ብዙ ቢሉ?"

"ጫምሳ... ቤቴ ከአጥሩ ሥር የምሸናበት ቦታ አለ። ጉንዳን ይሰፍርበታል። ሚስቴ ከሪማ ካየችው ሁለት ወር ሆናት። 'ሐኪም ዘንድ ሂድ' እያለች ትነዘንዘኛለች፤ እኔ ሻይ ደፍቼ ነው እላታለሁ።" ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ቀበቶውን አሳየው። በምስማር የተበሱ ሦስት አዲስ ቀዳዳዎች አሉበት። "ከስቻለሁ። ውኃው አይበቃኝም። ለማንም አልተናገርኩም።"

ጫምሳ የሚያውቀውን ጆንያ ነበር የጫነው። ለካ ጆንያውን አያውቀውም።

ጃዕፈር ሸሚዙን መለሰና፣ "ግባና ንገራት" አለ።

"ምን ብዬ?"

"የሰው ሽንት ሰጠሁሽ ብለህ።"

"ከልጅ ጋር እንዲህ ያለ ወሬ አላወራም።"

"እንግዲያው ቦታህ ለሰው ይሰጥ። ከረጢትህን አንጠልጥለህ ገበያ ተቀመጥ። ነጋዴው ሁሉ በስንት ሊትር ነው ይልሃል።"

ጫምሳ ወረደ። ከመኪናው እስከ ሐኪሟ ክፍል ያለው መንገድ ከነገሌ አዳማ ካለው ረዘመበት። ቆቡን አውልቆ በር ላይ ቆመ።

"ልጄ፣ ያ... ያ ብልቃጥ የኔ አይደለም። የጓደኛዬ ነው። ልፈትናችሁ ብዬ ነው።"

ዶክተር ገላኔ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ አልጮኸችም።

"ጓደኛዎ አሁኑኑ ይምጣ፤ እሱን ዛሬ ማየት አለብን" አለች። ቀጥላም፣ "ታዲያ አሁን የሚሰጡኝ የእርስዎ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?"

ይሄን ጥያቄ ጫምሳ ለስንት ሻጭ አቅርቦታል። ለእሱ ያቀረበለት ሰው ግን አልነበረም። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

ነርሱን ጉቱን ጠራችና አብሮት ሽንት ቤት እንዲገባ አዘዘችው። ላብራቶሪው በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ አሥር ሰዓት ሆኗል።

"ዞር በልልኝ ልጄ" አለ ጫምሳ።

"አልችልም አባባ፣ ታዝዣለሁ።"

"ሰው እያየኝ አይመጣም።"

"እኔ ደግሞ ካላየሁ አይቆጠርም።"

ጉቱ የቧንቧውን ውኃ ከፈተለት። አልመጣም። አፏጨለት። አልመጣም። ጫምሳ አርባ ደቂቃ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አላበው። ነገሌ ላይ የሚፈሩት ሰው እዚህ ብልቃጥ ይዞ ይለምናል። በመጨረሻ ጠብ፣ ጠብ አለ፤ ብልቃጡ ውስጥ የጣት ውፍረት እንኳ አልሞላም። በሁለት እጁ ይዞት እየተጣደፈ ላብራቶሪው መስኮት ላይ አኖረውና፣ "የራሴ ነው" አለ።

"ማን ጠየቀዎት?" አለች ልጅቷ።

ሽንቱ ስኳር አልነበረበትም። ጃዕፈር ግን ጣቱን ተወግቶ በዚያው ቀን ስኳር እንዳለበት ተነገረው፤ መድኃኒት ጀመሩለት።

የጫምሳ ቦታም አልተሰጠበትም፤ ሐሙስ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። ከወገቡ በታች ብቻ ነው ያደነዘዙት፤ ዓይኑን አንዴም አልከደነም። እንዳያጭበረብሩት ሐኪሞቹ የሚሉትን ሁሉ እያዳመጠ ተኛ።

በማግሥቱ ጠዋት ዶክተር ገላኔ መጣች፤ ጃዕፈርና ጉቱም ከኋላዋ። ቱቦው ገና አልወጣለትም። "ማየት እንደሚፈልጉ ስለማውቅ ወደ ምርመራ ሳልልከው አመጣሁት" ብላ ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችው። ውስጡ የተከተፈ ነጣ ያለ ሥጋ አለ።

ጫምሳ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየ። ሊተወው ፈለገ፤ አልቻለም። አንገቱን ደፍቶ፣ "ይሄ... የኔ ለመሆኑስ?" አለ።

"ስምዎ ተጽፎበታል።"

ጫምሳ ቁጥር እንጂ ፊደል አይለይም። ለጃዕፈር አቀበለው። ጃዕፈር ብልቃጡን አስጠጋ፣ አራቀ፣ ፊቱን ኮስተር አደረገ።

"ጃዕፈር ይላል።"

ዶክተሯ ወደ ግድግዳው ዞራ ሳቀች። ጫምሳ ሊስቅ ሲል ቱቦው ወጋው። "አታስቀኝ አንተ ስኳራም!" ብሎ ብልቃጡን ነጠቀውና ለጉቱ ሰጠው። ጉቱ "ጫምሳ" ብሎ ካነበበለት በኋላ ነው ትራሱ ላይ ጋደም ያለው።