ጥቁሩ የዶቅዶቄ ሱሪ

ዶቅዶቄ መንዳት በተማርኩበት ሰሞን ዋናው ጭንቀቴ ሱሪ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበርና። ግን ሃያ ዓመቴ ነበር። በሃያ ዓመት ሰው ሐዘንና ቄንጥ አንድ ላይ ይዞ መዞር ይችላል፤ እኔ ይዤ ዞሬያለሁ።

ሥራዬ ንፋስ ስልክ አካባቢ በነበረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማመላለስ ነበር። ላፍቶ፣ ለቡ እና ጀሞ ያን ጊዜ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራባቸው የገበሬ አገሮች ናቸው። ለገበሬ ማኅበሮቹ የሚላከውን ወረቀት ሁሉ አደርስ የነበረው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ በእግሬ፣ ቀጥሎ በብስክሌት። ከዚያ መጋዘን ውስጥ ቆሞ የኖረ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ተጠገነና ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ሚኒስትር የተሾምኩ ያህል ደረቴን ነፍቼ ነው።

ከእኔ በፊት ሞተሩን ይነዳ የነበረው ሰውዬ እግሩን ስለሚያነክስ ወደ ንብረት ክፍል ተዛውሯል። በማግሥቱ ከታች ሰፊ የሆነውን ቤልቦተሜን ለብሼ ሞተሩ ላይ ስወጣ በመስኮት አየኝና ወጣ።

«ይኼን ድንኳን ለብሰህ ነው የምትነዳት?» አለኝ።

«ምን አለበት ጋሼ?»

«ሰንሰለቱ ይበላልሃል። ሱሪውን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።»

ከዚያ የራሱን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አሳየኝ። የቅልጥሙ ቆዳ የተቀቀለ ድንች ልጣጭ መስሏል። «ጠጠር ላይ ስትወድቅ መጀመሪያ የሚያልቀው ሱሪህ ነው። እሱ ሲያልቅ አንተ ትጀምራለህ» አለ። ጠበብ ያለ፣ ወፍራም፣ ከታች በቁልፍ የሚያዝ ሱሪ እንዳሰፋ፣ ጉልበቱንና ዳሌውን ድርብ እንዳስደርግ፣ በድርቡ መሀል ደግሞ ከመኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ እንዳስገባበት መከረኝ። «ጂንስስ?» ብለው ሳቀብኝ። ጂንስ ለፎቶ ነው አለ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። የነገርኳት መልስ ጠብቄ አልነበረም፤ ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ብዙ አትናገርም ነበር። ወንድሜ ተማሪ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ከቤት ወሰዱት። እናቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደታሰረበት ቦታ ምሳውን ስታመላልስ ሰነበተች፤ አንድ ቀን በር ላይ የቆመው ዘበኛ «ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ» አላት። የመርዶው ቃል ይኸው ብቻ ነው። ሬሳ አልሰጡንም። እንደሱ ለሞተ ሰው ማልቀስም ክልክል ነበር። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ፣ ጥቁር ልብስ የለ። በሰፈራችን አንዲት እናት ጥቁር ለብሳ ብትወጣ ቀበሌ ጠርተው «ለማን ነው?» ብለዋታል። እሷ ከዚያ በኋላ ከቤት ስትወጣ አላየናትም። እናቴ ምሳሰሃኑን ይዛ ተመለሰች፣ አጠበችው፣ አበባ ያለበት የዘወትር ቀሚሷን እንደለበሰች ጎረቤቱን «ደህና ዋላችሁ» እያለች ኖረች። አንድም ቀን ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ አልሰማሁም።

ስለ ሱሪው ስነግራት ግን ቀና ብላ «አብሬህ እሄዳለሁ» አለችኝ።

አልወደድኩትም። ሃያ ዓመት የሞላው፣ ሞተር የተሰጠው ሰው ሱሪ ለማሰፋት እናቱን ያስከትላል? ግን እምቢ አላልኳትም፤ ከሦስት ወር ወዲህ አንድ ነገር ስትፈልግ ያየሁት ያን ቀን ነበርና።

ጎፋ ሰፈር አንድ ጨርቅ ሻጭ ነበሩ፤ ከስልጤ የመጡ ሽማግሌ፣ ጨርቁንም ይሸጣሉ፣ በረንዳው ላይ ባለች የስፌት መኪና ልብሱንም ይሰፋሉ። የምፈልገውን ስነግራቸው ሦስት ጣቃ አወረዱ። አንዱ ካኪ፣ አንዱ አረንጓዴ ሸራ፣ አንዱ ጥቁር ሸራ።

«ካኪው ይሻልሃል» አሉኝ። «አቧራ ይደብቅልሃል፣ አይሞቅህም። አረንጓዴውን ተወው፤ ወታደር መስለህ ጣጣ ታመጣለህ። ጥቁሩ ጠንካራ ነው፣ አይካድም፤ ግን በበጋ ይጋግርሃል።»

«ካኪው ይሁን ሐጂ።»

«ጥቁሩን» አለች እናቴ ከኋላዬ።

«እማዬ፣ ይሞቃል እኮ እያሉ ነው።»

«ጥቁሩን ነው ያልኩት። ሰው ቢጠይቅህ ለሞተር ነው ትላለህ።»

የሐጂ እጅ ካኪው ላይ እንዳለ ቆመ። እናቴን አዩዋት፣ አበባ ያለበትን ቀሚሷን አዩት። ከዚያ ካኪውን ጠቅልለው ወደ መደርደሪያው መለሱና መንገድ ላይ ላለ ሰው የሚናገሩ ይመስል ጮክ ብለው «ልክ ናት! ለሞተር ጥቁር ነው፤ ዘይት አያሳይም!» አሉ። መቀሱንም አነሱ።

ያኔ ነው የገባኝ። ለወንድሜ ጥቁር የሚለብስለት ሰው ተገኘ ማለት ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ወንድሜን የማልወድ ሆኜ አይደለም። ሞተሩ የእኔ ነበር፤ ከሱ ሞት በኋላ የእኔ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር ሞተሩ ነበር፤ እናቴ እሱንም ወስዳ ለወንድሜ ሰጠችው። ሐጂ ወገቤን ሲለኩ ፊቴን አኩርፌ ቆምኩ። እናቴ ቅዳጁን ለምና ተቀበለች። በኋላ ከቀሚሷ ውስጥ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ወገቧ ላይ ሰፍታው አየሁ።

ሱሪው ከባድ ነበር። ስራመድ ላስቲኩ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ፀሐይ ሲበረታ ጭኔ ይቀቀላል። መሥሪያ ቤት አንዱ ካድሬ «ምነው እንዲህ ጠቆርክ?» ቢለኝ «ዘይት አያሳይም ጓድ» አልኩት። እሱም አመነ። እናቴ ሱሪውን እኔ እንዳጥበው አትፈቅድም። ከሥራ ስገባ ታስወልቀኛለች፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጭቃውን በብሩሽ ታራግፋለች፣ ከዚያ አጥፋ ጭኗ ላይ ታስቀምጠውና ትቆያለች። እኔ ሥራ እንዴት እንደዋለ ላወራት እሞክራለሁ፤ አትሰማኝም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደቅሁ። ከለቡ ስመለስ፣ ላፍቶ ሳልደርስ ወንዙ ጋ በምትወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ጎርፉ ያመጣው ጠጠር አንሸራተተኝ። ሞተሩ በአንድ ጎኑ ተኛ፣ እኔም አብሬው ተጎተትኩ። ሽምብራ ሊዘራ የሚያርስ አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ሮጦ መጣና አነሳኝ። ሱሪዬን ገልጠን አየን። ሸራው ጉልበቱ ላይ ተፋፍቋል እንጂ አልተቀደደም፤ ጉልበቴ ቀላ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም። የተጎዳው የእጄ አንጓ ነበር። ገበሬው «ጥሩ ሱሪ ነው» እያለ ላስቲኩን በጣቱ ተጫነው። መሪው የተጣመመውን ሞተር እየጎተትኩም እየነዳሁም ቤቴ ደረስኩ።

እናቴ በር ላይ ነበረች። ጭቃዬን አየች፣ የተጣመመውን መሪ አየች፣ ከዚያ ሱሪውን አየች።

«ልጄን!» አለች።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሻሿን ወረወረችው። ደረቷን መታች። «ልጄን! ልጄን! ሳላይህ! ሳልቀብርህ!» እያለች ግቢው መሀል ዞረች። ጎረቤቱ ሁሉ ሮጦ መጣ። እኔ ሞኙ «ደህና ነኝ እኮ እማዬ! ይኸው ቆሜያለሁ!» እያልኩ እከተላታለሁ። በመጨረሻ ከአጥሩ ማዶ ያሉት አሮጊት ጎረቤታችን ክንዴን ያዙኝና አፌን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ዝም በል» አሉኝ በጆሮዬ። «ግባና ተኛ። በጣም ነው የተጎዳኸው።»

ተኛሁ። ደህናውን ጉልበቴን እሳቸው ራሳቸው በነጠላ ቅዳጅ ጠቀለሉት። ሴቶቹ አልጋዬ ዙሪያ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። «ምን ዓይነት ዶቅዶቄ ነው!» እያሉ ጀመሩና ብዙም ሳይቆይ ዶቅዶቄው ተረሳ፤ ቁመቱ፣ ሳቁ፣ ለትምህርት የነበረው ፍቅር እየተነሳ ተለቀሰ። እኔ አጭር ነኝ፤ ትምህርቴንም ከስምንተኛ ክፍል ነው የተውኩት። ከመሀላቸው የራሷን ልጅ ያጣች ሌላ ሴት ነበረች፤ እሷም የሷን አለቀሰች። አልጋ ላይ ተኝቼ የወንድሜን ለቅሶ ደረስኩ። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። የእጄ አንጓ አብጦ ነበር፤ እናቴ አላየችውም። ሦስቱንም ቀን አንድ ጊዜ እንኳ «የቱ ጋ ነው ያመመህ?» አላለችኝም። እንዴት እንደቀናሁበት! በሞተ ወንድሜ ቀናሁ።

በሁለተኛው ቀን አንዷ ንፍሮ ቀቅላ ይዛ መጣች። ለቅሶ ቤት የለመደ እጅ ነው፤ ሳታስበው ነው ያደረገችው። ንፍሮው ገና እየታደለ ሳለ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቦ ገባ፤ ጓደኛው ደጅ ቀረ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከወንድሜ ጋር ኳስ ተጫውቷል። ንፍሮውን አየ።

«ለወደቀ ሰው ንፍሮ ነው እንዴ የሚቀቀለው?» አለ።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና የተጠቀለለውን ጉልበቴን በአውራ ጣቱ ጠንክሮ ተጫነው። ማቃሰት ነበረብኝ። ረሳሁ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ከዚያ በኋላ ነው «ውይ» ያልኩት፣ ጊዜው ካለፈ። እናቴ እጇን ወገቧ ላይ፣ ያ ቅዳጅ የተሰፋበት ቦታ ላይ አድርጋ ቆማለች። ወደ እሷ ዞረ።

«ክፉኛ ነው የተጎዳው!» አለ ደጅ ላለው ጓደኛው። ሲነሳ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ሦስት ቀን። ከዚያ በኋላ ድምፅ እንዳልሰማ» አለኝና ወጣ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ፊቷን ታጠበች፣ ሻሿን አሰረች፣ «ሥራህ ግባ» አለችኝ። ያን ቀን ቁርሷን በላች። ከሦስት ወር በላይ እህል ስትገፋ የኖረች ሴት ቁጭ ብላ በላች።

ዓመቱ ዞረ። ያ አብዮት ጠባቂ ጦር ግንባር ዘምቶ በሱ ቦታ የማናውቀው ሰው ገብቷል፤ ጎረቤት መንደር አንድ ቤት ውስጥ ሰዎች «ተሰብስባችኋል» ተብለው መታሰራቸው ይወራ ነበር። የወንድሜ ዓመት የሚሆነው ስንቅ አታምጪ ከተባለበት ቀን ነው፤ ሌላ ቀን አናውቅለትም። በዚያ ቀን ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል እናቴ ተንበርክካ የሱሪዬን የታች ቁልፍ ትቆልፍልኛለች። ቆልፋልኝ አታውቅም ነበር።

«ያ ቁልቁለት» አለችኝ ሳታየኝ። «አሁንም ያንሸራትታል?»

ምን እየጠየቀችኝ እንደሆነ ገባኝ። ቀስ ብዬ ልወድቅላት እችል ነበር። ሱሪው ያወጣኝ ነበር። ግን ስለ አዲሱ ሰው አሰብኩ፣ ስለ ጠመንጃው፣ ስለዚያ አውራ ጣት። ፈራሁ።

«አይ እማዬ» አልኳት። «ጠርገውታል።»

«ደግ» አለች። የሁለተኛውን እግር ቆለፈችልኝና ተነሳች።

ዘመኑ ተለውጦ እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው አደባባይ ሲያለቅሱ የእኔ እናት አልደረሰችም፤ ቀድማ ነው የሞተችው። የሷን ለቅሶ ድንኳን ጥለን፣ እስኪበቃን አለቀስን። የሚቆጨኝ ያ የወንድሜ ዓመት ቀን ነው።

ያን ቀን ለቡ ደርሼ ተመለስኩ። መንገዱን ማንም አልጠረገውም ነበር፤ ጠጠሩ እንዳለ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን አቆምኩና ለረጅም ጊዜ መሬቱን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ፣ በሁለት እግሬ መሬት እየነካሁ፣ ተጠንቅቄ ወረድኩ። ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ነጠላዋን ለብሳለች፣ ግቢው ተጠርጓል፣ አሮጊቷ ጎረቤታችንም በአጥሩ በኩል ብቅ ብለዋል። ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ፤ ዓይኗ ጉልበቴ ላይ ትንሽ ቆየ።

«እንኳን በደህና ገባህ» አለችኝ፣ እና ወደ ቤት ገባች።