የተፈታው ጥልፍ

የልጅ ልጄ ዲላ ገበያ ለበዓል የሚሆናትን ጥልፍ ቀሚስ ታማርጣለች። እኔ ደክሞኝ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጫለሁ። የአንዱን ቀሚስ ጠርዝ ገልብጬ ዳበስኩት፤ ጀርባው የክር ቋጠሮ ነው።

የእናቴም እንደዚህ ነበር። ጣሊያን ዲላን ሲይዝ አባቴ ዱር ገባ፤ ከጊዜ በኋላም ጨለለቅቱ ከተማ አጠገብ መገደሉን አንድ መንገደኛ ነግሮን ሄደ። እናቴ አላለቀሰችም። በሩን ዘጋችና የክት ቀሚሷን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የደረቱን መስቀል በመርፌ ጫፍ መፍታት ጀመረች።

«እማዬ፣ እንደ ሰው ጥቁር አትለብሺም?» አልኳት።

«ጥቁር ብለብስ ባንዳው የአርበኛ ቤት መሆኑን ያውቃል። በጥልፍ ልውጣ ብል ደግሞ አንጀቴ እንቢ አለኝ።»

ቀዩንና አረንጓዴውን ክር በቡና ጭራሮ ላይ ጠቀለልኩላት። ስንጨርስ ልጥለው ብነሳ እጄን ያዘችኝ።

«አትጣይው። ሬሳውን ያየ የለም።»

ያንኑ ቀሚስ እስክታረጅ ለበሰችው። ፀሐይ ላይ ስትቆም የመርፌው ቀዳዳዎች መስቀሉን መልሰው ያሳዩ ነበር።

«እማማ፣ ይሄኛውስ ያምራል?» አለች የልጅ ልጄ።

«ያምራል» አልኳት።

ያ ክር ከነጭራሮው እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ። እናቴ አልጣለችውም፤ ልጥለው ስል እኔንም እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።