አሳጥሬ የተረጎምኳት እናቴ

ኤር ኮንዲሽነር ባልዲ ውስጥ ሲያንጠባጥብ በሰማሁ ቁጥር ሥራዬን አቆማለሁ። ዛሬ ጠዋትም የእኔው ቢሮ ጀመረው፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አንተ የቢሮ ባልደረባዬ ጠጋኝ እንጥራ ስትለኝ እኔ ሃያ ዓመቴ ሆኖ፣ ላብ ጀርባዬ ላይ ያጣበቀውን ሸሚዝ እየሳብኩ፣ ጅቡቲ ውስጥ በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከዲሲፕሊን ኮሚቴው በር አጠገብ እንዲህ ያለ ባልዲ ነበር። በውስጡ የክሎሪን ሽታ፣ በላዩ ደግሞ አንዲት ዝንብ ነበረች፤ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

የተከሰስኩት በመገልበጥ ነው። የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበርኩ። መምህራችን ስለ ሥራ ሰዓትና ዕረፍት የቤት ሥራ ሰጡን፤ እኔ የአንዲት የቤት ሠራተኛን ውሎ ምሳሌ አድርጌ ጻፍኩ። ካርቲዬ ሁለት ሰፈር የምትኖረው የልብ ጓደኛዬ እስቲ ልየው ብላ ወሰደችው። አየችውም። ከርዕሱ እስከ መጨረሻው ነጥብ ገልብጣ፣ የራሷን ስም ጽፋ አስረከበች። ሌላው ይቅር፣ የፊደል ስህተቴን እንኳ አላረመችልኝም።

የጥሪው ደብዳቤ ማን ከማን እንደ ገለበጠ ካልታወቀ ሁለታችንም ለሁለት ዓመት እንደምንታገድ ይገልጻል። ጓደኛዬ አባቷን ፈርታ እኔው ነኝ የጻፍኩት ብላ ድርቅ አለች። ለእሷ ሁለት ዓመት ሁለት ዓመት ነው። ለእኔ ግን የትምህርቱ መጨረሻ ነበር፤ የምታስተምረኝ እናቴ ነች፣ ወገቧም ከዚያ በላይ እንደማይጠብቀኝ አውቅ ነበር።

በቀላሉ መርታት እችል ነበር እኮ። ጽሑፉ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ እናቴ ናት ብል ያልቅ ነበር። ችግሩ፣ ለጓደኛዬም ለመላው ክፍልም እናቴ ኤምባሲ ውስጥ ትሠራለች ብዬ አውርቻለሁ። ውሸቱም ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። ሀራሙስ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር ተቀጥራ ከምታድርበት ቪላ ማዶ የሆነ ኤምባሲ ነበር።

አርብ ከሰዓት እናቴ ዋራበሌ ሰፈር ወደ ተከራየናት ክፍል ስትመጣ ደብዳቤውን ትራሴ ሥር አገኘችው። ፈረንሳይኛ አታነብም፤ ማኅተም ግን ታውቃለች። ወደብ ለሚሠራ ጎረቤታችን አስነበበችው፤ ልጅሽ ተከሳለች ሲላት የቀረውን አልሰማችም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት እኔ መከላከያዬን አንቀጽ በአንቀጽ ሳጠና፣ እሷ ሽማግሌ ስትሰበስብ ሰነበትን።

የእኛን ሽምግልና ታውቀዋለህ። ሽማግሌ ሲገባ አጥፍተናል ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ማን እንዳጠፋ ኋላ ይጣራል። እኔ አላጠፋሁም ልል በተቀመጥኩበት ኮሪደር ላይ እናቴ ሦስት ሽማግሌ አስከትላ መጣች። ዋናው እሷ በምትሠራበት ሰፈር ዘበኛ የሆኑ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። ሁለተኛው መኪናው ወደብ ላይ ጭነት የሚጠብቅ ሹፌር ነው። ሦስተኛው ቁጥር እንዲሞላ ከመንገድ የተያዘ ሌላ ሹፌር ነበር፤ ስሜን እንኳ አያውቅም።

ጋሼ ደግሞ አንገታቸው ላይ ተሸክመው ይቅርታ የሚጠይቁበት ጥቁር ድንጋይ ይዘው ነበር የመጡት። የበሩ ጥበቃ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ለይቅርታ ነው አሉት። ሰውየው ሱማሌ ነው፤ ይቅርታው ገብቶታል፣ ድንጋዩ ግን አልገባውም። በመጨረሻ እንደ መታወቂያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት እንዲገቡ ተስማሙ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ አዛውንት ነበሩ። ጸሐፊዋ ደንቡን ገልጣ ተከሳሽ ይዞ መቅረብ የሚችለው አንድ ረዳት ብቻ ነው አለች። እሳቸው ግን ሽማግሌዎቹን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ውጭ ሙቀት ነው፣ ይግቡ አሉ። ማን ያስተርጉም ሲባል ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

ጋሼ ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። አጥፍታለች፤ ስለ ሽበታችን ማሩልን።”

ለተቋሙ ያላቸውን ከፍ ያለ አክብሮት ይገልጻሉ ብዬ ተረጎምኩ። ሰብሳቢው በምስጋና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ሽማግሌ ልጅቷን አላውቃትም፣ ግን ማሩልን አለ፤ በፍትሐዊነታችሁ እንደሚተማመን ተናገረ አልኩ። በዚህ መሀል ሦስቱም ድንገት ተንበረከኩ። ደክሟቸው ነው አልኩ።

ቀጥሎ ሰብሳቢው ወደ ጽሑፎቹ ተመለሱ። ጽሑፉ ላይ ያለችው ሠራተኛ ማን ናት ብለው እኔንም ጓደኛዬንም ጠየቁ፤ ሁለታችንም ከምናባችን የፈጠርናት ናት አልን። በረጅሙ ተነፈሱና ወደ እናቴ ዞረው ሥራዋን ጠየቁ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ በአማርኛ መለሰች። ሀራሙስ፣ የፈረንጅ ቤት፣ ምግብ እሠራለሁ፣ አጥባለሁ፣ ልጆቹን አሳድጋለሁ አለች። ዕረፍቷ አርብ መሆኑን፣ እሱም የምሳ ዕቃ ከታጠበ በኋላ እንደሆነ ሳይቀር ተናገረች። ጓደኛዬ አጠገቤ ነበረች። ኤምባሲ ነው የምትሠራው አልኩ።

እናቴ ቀስ ብላ አየችኝ። ከዚያ አስራ አምስት ዓመት ኩሽና ውስጥ በቃረመችው ፈረንሳይኛ ራሷ ለሰብሳቢው መለሰች።

“ኖን፣ ሙሲዮ። ፓ አምባሳድ። ሜዞን።” ኤምባሲ ሳይሆን ሰው ቤት ማለቷ ነው። አርብም ዕረፍቷ ከዕቃ አጠባ በኋላ እንደሆነ ሳህን እንደሚያሻሽ ሰው ጣቷን እያዞረች አስረዳቻቸው።

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉና ጮክ ብለው አነበቡት፤ የሠራተኛዋ አርብ የሚጀምረው የመጨረሻው ሳህን ሲደርቅ ነው ይላል። ከዚያ ጓደኛዬን እናትሽስ ምን ትሠራለች አሏት። ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች አለችና ማልቀስ ጀመረች። እኔ ነኝ የገለበጥኩት ስትል ለኮሚቴው ሳይሆን ለእናቴ ነበር የተናገረችው።

እሷ ለአንድ ዓመት ታገደች፤ ለእኔ ሥራዬን አሳልፌ በመስጠቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ውሳኔውን ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው ጋሼ እንደገና ተነሱ። ለጓደኛዬም ያንኑ ንግግር ከሊጡ ጀምረው ደገሙላት። ይህን አንድም ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩት። ሰብሳቢው ሊጡ ምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ቅጣቷንም ወደ አንድ ሴሚስተር ዝቅ አደረጉላት። ሽማግሌዎቹ ድንጋያቸውን ተረክበው ሲወጡ ጉዳዩን የጨረሱት እነሱ እንደሆኑ አምነው ነበር። እኔም አላረምኳቸውም።

ሚኒባስ ውስጥ ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብትሰድበኝ እፎይ እል ነበር።

“የጋሼን ያጣመምሽው ይሁን፣ ለመዳን ነው” አለችኝ ኋላ ላይ። “የኔን ለምን አሳጠርሽው?”

አፍሬ ነው አልኳት። በአንቺ ሳይሆን ብዬ ልቀጥል ስል እውነት አለመሆኑ ታወቀኝና ተውኩት። እስቲ የመለሱልሽን ወረቀት አንብቢልኝ አለች። ሰው ትከሻ ለትከሻ በተጣበቀበት ሚኒባስ ውስጥ ጽሑፌን በሙሉ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። የሌላ ሴት ታሪክ እንደምትሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ አዳመጠች። ስለ አርብ የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀች።

“ከሳህኑ በኋላ ወለል አለ እኮ” አለች። “እሱን ረስተሻል።”

እስክሪብቶ አውጥቼ ጻፍኩት። ሌላ ጊዜ እናቴ ሀራሙስ መታጠፊያ ስትወርድ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ አንገቴን እደፋ ነበር። የዚያን ዕለት ግን በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ እማዬ ብዬ ጠራኋት። ዞር ብላ ሰው ያይሻል አለችኝ። ይየኝ አልኳት።

እናቴ ከዚያ በኋላ የኖረችው ስድስት ዓመት ነው። ስድስቱንም ዓመት በየሚኒባሱ መስኮት ጠራኋት።