መሬት ያልነኩት ጎማዎች

በዕቃ ቤቴ ውስጥ መሬት ነክተው የማያውቁ አምስት ጎማዎች ነበሩኝ። ጎብኚ እንግዶችን ወደ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እያመላለስኩ በምኖርበት በደጉ ጊዜ ለመኪናዬ የገዛኋቸው ናቸው። ከዚያ የኮሮና በሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ። እንግዳው ቀረ፣ መኪናዋም ቆመች። ጎማዎቹን በጆንያ ጠቅልዬ ብልባላ ገጠር፣ ዘመድ ቤት ጭድ ውስጥ ደበቅኋቸው። ሲረጋጋ በአህያ አስጭኜ መለስኳቸው። ከዚያ ክፉ ቀን ሳይጎድል የወጣልኝ ንብረት እነሱ ብቻ ስለነበሩ፣ ለልጆቼ የቁጠባ ምሳሌ አድርጌ ስጠቅሳቸው ኖርኩ።

መካኒክነትን ማንም አላስተማረኝም። እያነበብኩ፣ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ ተማርኩት። በራሱ የተማረ ሰው ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ያላየው ነገር የሌለ ይመስለዋል። ይህን ዛሬ እጽፈዋለሁ እንጂ ያኔ አላውቀውም ነበር።

ሴት ልጄ ሹፌርነትን ከእኔ ተማረች። እሷና አንድ የሥራ ጓደኛዋ ያቺን የቆመች መኪና አስነሡ፤ የኋላ ወንበሯን አወጡ፤ ውስጧን በብረት ቧንቧ አጠናከሩና ቆላ በሚካሄድ የአማተሮች ውድድር ሊገቡ ቆረጡ። ውድድሩ የፍጥነት ብቻ አይደለም። በአቧራማ ሜዳ ዙሪያ ስድስት ሰዓት ሙሉ እየተቀያየሩ መንዳት ነው።

የቀራቸው ጎማ መምረጥ ነበር። ልጄ ከአንድ የታክሲ ሹፌር አራት ያገለገሉ ጎማዎች ይዛ መጣች። ጥርሳቸው እስከ ግማሽ ተበልቷል።

«ለውድድር ይህን?» አልኳት።

«አባዬ፣ እነዚህ በቅርብ የተሠሩ ናቸው።» የእኔን ጎማ አንከባልላ አመጣችና ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች አሳየችኝ። «የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው። የእርስዎ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።»

«ጎማ እንደ ወተት ይበላሻል ልትይኝ ነው?»

«ተቀምጦም ያረጃል ነው የሚሉት።»

«እነማን ናቸው የሚሉት? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነድቻለሁ። ተቀምጦ የሞተ ጎማ አላየሁም።»

እውነቴን ነበር። የላስታ ኮረት ጎማን ለእርጅና አያበቃውም፤ በጥቂት ወራት ይበላዋል። ስለዚህ ለእኔ የጎማ ዕድሜ ጥርሱ ነበር። ጥርሱ ሙሉ ከሆነ አዲስ ነው፤ በቃ።

«እሺ» አለች። በቤቴ እሺ የተባለ ነገር እንደማይታጠፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ዓርብ ባገለገሉት ጎማዎች እየነዳች፣ የእኔን አራቱን ጣራ ላይ አስራ ወረደች። ውድድሩ እሑድ ነው፤ ሜዳው ስትደርስ ልትገጥማቸው ነው። አምስተኛው ቦታ አጥቶ ቀረ።

ገበያ ውስጥ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ እየቆረጠ ገበሬውን የሚያጫማ ሰው አለ። «ያን ጎማ መቼ ነው የሚለቁልኝ?» እያለ ሁልጊዜ ይቀልድብኛል። ቅዳሜ፣ አራቱ ቁጥሮች ከአእምሮዬ አልወጣ ሲሉኝ፣ አምስተኛውን ተሸክሜ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ልብዎ ራራ?»

«አልሰጥህም። ጠርዙን በቢላህ ሞክርልኝ።»

ደህና ጎማ ቢላ ይይዛል፤ ውኃ እየነከሩ ነው የሚቆርጡት። ይህኛው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረከሰ። ሰውየው ጥርሱን በጣቶቹ ይዞ ሲስበው ከሥሩ ካለው ክር ተላቀቀ። ቀልዱን ተወ።

«ይሄ ለበረባሶም አይሆን። ከሰው ተረከዝ ሥር ይሰነጠቃል።»

«ለመኪናስ?»

«እኔ ጫማ ሠሪ ነኝ፣ ጋሼ። ሹፌሩ እርስዎ ነዎት።»

የቆረጠውን ቁራጭ ኪሴ ከትቼ ደወልኩ። ስልኳ አይሠራም። የጓደኛዋም እንዲሁ። ኔትወርክ ይሻላል ወደሚሉት ጉብታ ወጥቼ እስኪመሽ ደወልኩ፤ መልእክት ጻፍኩ፤ አልሄደም። ልጆቼን ከምንም በላይ የቀጣሁት በውሸት ነው። በዚያ ጉብታ ላይ ግን ልጄ እንድትዋሸኝ ጸለይኩ። አባቴን ልሸንግለው ብላ እሺ ብላኝ ይሁን፣ ቃሏን አፍርሳ ያገለገሉትን ትግጠም ብዬ ለመንኩ።

እሑድ ማለዳ በኩልመስክ በኩል በሚወርድ አይሱዙ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ኩልመስክ ላይ ቆሞ በግ ይጭን ጀመር። ከዚያም ቁልቁለቱን ቀስ እያለ ያዘው።

«ልጄ፣ ትንሽ ፈጠን በል» አልኩት።

«አባባ፣ ጎማዬ አሮጌ ነው። በዚህ ቁልቁለት አላምነውም።»

ኪሴ ውስጥ ያለውን ቁራጭ ጨበጥኩት።

ሜዳው ስደርስ ውድድሩ ከተጀመረ ቆይቷል። ገመዱ ዳር ቆሜ ከአቧራው የሚወጡትን መኪኖች አንድ በአንድ አየሁ። የእኔ የለችበትም። ሌላ ዙር ጠበቅሁ። የለችም። ከሜዳው ዳር ዳር ፍለጋ ጀመርኩ።

ግራር ሥር አገኘኋት። ክንዷ በነጠላ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ግንባሯ ተልጧል። መኪናዋ አጠገቧ ቆማለች፤ አንድ ጎኗ ተጨራምቷል።

«ከኩርባው ስትወጣ የኋላው ጎማ ጥርሱ ተላጦ በረረ» አለኝ ጓደኛዋ። «ቦይ ውስጥ ገባች። አለቀላት ብለን ነበር። ቧንቧው ስለታጠፈ ከውድድሩ አስወጥተውናል።»

«ለምን ገጠምሽው?» አልኳት።

«እሺ ብዬዎት አልነበረም?»

ከኪሴ ቁራጩን አውጥቼ ሰጠኋት። በደህናው እጇ አጠፍ ስታደርገው ተሰበረ።

«መቼ አወቁ?»

«ትናንት። ደውዬ ደውዬ ...»

«እዚህ ኔትወርክ የለም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት፤ ጓደኛዋ እየሰማ። ለልጅ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው። አይደለም እንድትለኝ ጠበቅሁ። አላለችም። ልክ ነበረች።

ክንዷን ሐኪም ቤት ማሳየት ነበረብን። ያገለገሉት አራቱ ጎማዎች ሳይነኩ ግራሩ ሥር ተደርድረዋል።

«ለመንገዱ የቱን እንግጠም?» አለ ጓደኛዋ። ሁለቱም፣ ከልማድ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

ልጄ እስክትናገር ድረስ መሬት መሬት አየሁ።

«ያገለገሉትን» አለች።

ክሪኩን አንሥቼ ከመኪናዋ ሥር ተንበረከክሁ።