የአባቴ አተኛኘት

ዓይኔ ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። አቃቂ በሰቃ ካለው የቶርኖ ቤት፣ ብረት ስቀርጽ ውዬ ስመለስ፣ በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና እጇ ባለበት ቆመ።

"ምነው እማዬ?"

"ምንም" ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ራት ግን አልበላችም።

ከዚያ በፊት ለወራት ያህል ከእንብርቴ በላይ የሚጀምር ሕመም ወደ ጀርባዬ እየዞረ ሲያሠቃየኝ ቆይቷል። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ስለምቆም የድካም ነው ብዬ ነበር። ሱሪዬ እየሰፋኝ ሲመጣም ቀበቶዬን በምስማር በስቼ ዝም አልኩ። የዓይኔን ነገር ስታይ ግን ባለቤቴ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ፎቶውን በጣቷ እያሳየችን "ቆሽትዎ ላይ እብጠት አለ። ምን እንደሆነ ግን ከዚህ አይታወቅም" አለች። ጫፉ ላይ ካሜራና አልትራሳውንድ ያለው ቱቦ በአፌ ገብቶ፣ በቀጭን መርፌ ናሙና እንደሚወሰድ አስረዳችን።

"ካንሰር ነው?" አለች ባለቤቴ።

"ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?"

"እንጃ" አልኩ። እስከዚያ ቀን ቆሽትን የማውቀው ሰው ተናዶ "ቆሽቴ አረረ" ሲል ብቻ ነበር።

ቀጠሮው ለቀጣዩ ሳምንት ሆነ። ሥራ ብገባም እጄ ልኬት አልያዘልኝም። አንድ ዘንግ አበላሸሁ፤ ሌላ ብረት ማሽኑ ላይ አስሬ ያንንም አበላሸሁት። አሠሪዬ ቁጣ ያውቅበታል፣ ያን ቀን ግን ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ሂድ፣ እረፍ" አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ስገባ እናቴና ባለቤቴ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ጎረቤት ሊጠይቀኝ ይመጣና ስለ ዝናቡ አውርቶ ይሄዳል።

የሐኪሟ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ የሞተው ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። እሁድ ከሰዓት እናቴ ብቻዋን በረንዳ ላይ ስትሆን አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ አባዬ በምን ነበር የሞተው?"

"በወፍ በሽታ። ነግሬሃለሁ እኮ።"

"ሆዱንስ ያመው ነበር?"

ነጠላዋን አስተካከለች። "እዚህ ጋ" አለች፣ እጇን ከደረቷ ሥር አድርጋ። "ከዚያ ወደ ጀርባው። በጀርባው መተኛት አቅቶት፣ ተንበርክኮ ትራስ አቅፎ ነበር የሚያድረው።"

ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ እኔም እንደዚያ ነበር የማድረው።

"አንተንም አይቼሃለሁ" አለች፣ ሳታየኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፌ አልታዘዝ አለኝ። ከተናገርኩት የሚመጣ መሰለኝ።" ከዚያ ቀጠለች። "ሐኪሞቹ ሆዱን ከፍተን እንየው ብለው ነበር። ቢላ የነካው አይድንም ተባለ። ዘመዱም አልፈቀደ፣ እሱም አልፈቀደ።"

ከዚያ በኋላ ምግብ አልወርድ አለኝ። ሐሳቤ ሁሉ መርፌው ላይ ሆነ፤ ከነካው ሕመሙ የሚነሣ፣ ተኝቶ የኖረ ነገር የሚቀሰቀስ እየመሰለኝ። እናቴ ያለችኝን ለባለቤቴ ነግሬያት ነበር፤ በዋዜማው "ቀጠሮውን ትንሽ ባራዝመውስ?" አልኳት። የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። ማጠፏን ሳታቆም "አባትህም እንዲህ ነው ያለው" አለችኝ።

በማግስቱ ስንዘጋጅ እናቴ ከሳሪስ አቦ ጸበል ይዛ ደረሰች። በኩባያ ቀድታ "አንድ ጉንጭ ብቻ" አለችኝ።

"እማዬ፣ ውሃም እንዳትቀምስ ተብያለሁ። ሰመመን ስወስድ ወደ ሳንባዬ ይገባል።"

"ጸበል ውሃ ነው እንዴ?"

ኩባያውን እንደዘረጋች ቆመች።

ባለቤቴ ቀስ ብላ "ሲመለስ ይጠጣዋል፣ እማማ። አሁን ፊቱን ይጠቡልኝ" አለቻት። እናቴ ኩባያውን አየችው፤ ከዚያ እፍኟ ውስጥ አፍስሳ ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ አንገቴን አጠበችኝ። ልጅ ሳለሁ ለትምህርት ቤት ስታዘጋጀኝ እንደነበረው፣ ጫን ጫን አድርጋ።

ምርመራ ክፍሉ ውስጥ በጎኔ አስተኙኝ፤ አፌ ውስጥ ፕላስቲክ ነገር አስነከሱኝ። ሐኪሟ "ይተንፍሱ" ስትል ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ጉሮሮዬ ተልጦ ስነቃ ባለቤቴ እግሬን ይዛ መቀመጧን ነው። የሐሞት መውረጃው ጠብቦ ስለነበር እግረ መንገዳቸውን ትንሽ ቱቦ አስገብተውልኛል።

የናሙናው ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ ደጋግማ አነበበችው። "ክፉ ነገር አልተገኘም። ግን መርፌው ያልደረሰበት ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደግመዋለን።" እናቴ የነገረችኝን አወራኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ወንድም ወይም እህት አለዎት?" አለችኝ።

ሳሪስ የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ። የእኔን ምርመራ ታውቃለች፣ የአባታችንን ነገር ግን አታውቅም። ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ደወልኩላት። "ውጤቱ እንዴት ሆነ?" አለች ገና ስታነሣው። "ለጊዜው ደህና ነው" አልኳት። እልል ልትል ስትጀምር አቋረጥኳት።

"አንቺስ" አልኳት፣ "ሆድሽን ያምሽ ይሆን?"

"ማን ነገረህ?" አለችኝ።