ስልኩ የማያውቀው ኮከብ

«አባትሽ እኮ የአንድም ኮከብ ስም አያውቅም ነበር!» አለችኝ እናቴ ዛሬ፣ እየሳቀች። ግራ ገብቶኛል።

አመሻሹ ላይ ከእናቴ ጋር አዳማ ግቢያችን ቁጭ ብለን ሳለ፣ ልጄ ስልኳን ወደ ሰማይ አነሳች። የኮከቡንም የአውሮፕላኑንም ስም የሚናገር አፕ አላት። «ለሜሳን ፈልጊልኝ» አልኳት። ስልኩ ለሜሳ የሚባል ኮከብ አያውቅም። (እኔ እንኳ ስልኩ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።)

በደርግ ጊዜ፣ ቡልቡላ ሳለን፣ አባዬ ሲመሽ ደጅ ምንጣፍ ያነጥፍና «ያ ለሜሳ ነው፤ ያኛው ደግሞ ከድር» እያለ ያስተምረን ነበር። አውሮፕላን ሲያልፍ ብቻ ዝም ይላል።

«ታዲያ ለምን ዋሸን?» አልኳት እማዬን። ሳቋን አቆመች።

«ወንድምሽ የአየር ኃይል አብራሪ አልነበር? አባትሽ ጠዋት በሰፈራችን ላይ ያለፉት አውሮፕላኖች ሲመለሱ ሳይቆጥር ቤት አይገባም ነበር። እናንተ እንዳትጠይቁት ነው የኮከቡን ነገር ያመጣው።»

«ስሞቹስ?»

«ያልተመለሱት የወንድምሽ ጓደኞች ናቸዋ። እሱን እንኳን እግዜር አተረፈልን።»

ለልጄ ምን ብዬ እንደማስረዳት አላውቅም። የእናንተስ አባቶች በዚያ ዘመን ምን ደብቀዋችሁ ነበር? እስቲ ጻፉልኝ።

አባዬ አዲስ ኮከብ ባሳየን ቁጥር እኛ እናጨበጭብ ነበር።